የትዳር አገናኝ ቢሮ የራሱ ስም እንዲኖረው እንዴት ይደረጋል?

ደብረ ብርሃን ላይ ታፔላና የንግድ ካርድ እሠራለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ የትዳር አገናኝ ቢሮ ከፈተና ትልቅ ባነር አሠራኝ። ሁለት ቀይ ልብ፣ ቀለበት፣ ቬሎ የለበሰች ፈረንጅ። ከባጃጅ መጫኛው ፊት ለፊት ሰቀለው። ሦስት ወር ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ የወጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰው ይደውላል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቢሮው የት እንደሆነ ሲነገረው ይጠፋል። ማን ይገባል? ባጃጅ ከሚጠብቀው ሰው ግማሹ ዘመድ ነው፣ ግማሹ የሠፈር ልጅ። ባነሩን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ ላይ ድርሻ አለኝ።

አማጭ ለሰሜን ሸዋ አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ሂዱ መርሐቤቴ፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል። ገንዘብ የሚቀበል አገናኝ ሲመጣ ግን ሰው ቶሎ ብሎ ከደላላ ጋር ይደምረዋል። የቤት ደላላ፣ የከብት ደላላ፣ አሁን ደግሞ የሚስት ደላላ! ስለዚህ ብራንድ የምንለው ነገር እዚህ ሥራ ላይ በአርማና በቀለም አይጀምርም። የሚጀምረው ከደላላ በመለየት ነው። የሚለየው ደግሞ ምስጢር መያዝ ነው።

መጀመሪያ፣ የማን አገናኝ እንደሆናችሁ ወስኑ

«ሁሉንም እናገናኛለን» የሚል ቢሮ ማንም አያስታውሰውም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ እየኖረ «ከአገሬ ልጅ ማግባት እፈልጋለሁ» የሚል የመንዝና የቡልጋ ሰው ብዙ ነው። አንዱ መንገድ ይሄ ነው። ሌላው ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለፋብሪካው ሥራ ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ እዚህ ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም አልዩ አምባ አካባቢ ላሉ ሙስሊም ቤተሰቦች መሥራት ከፈለጋችሁ ደግሞ የኒካህን ወግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ ይኑር። በስልክ ተጠይቆ የሚሠራ ነገር አይደለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የተዘነጋው ፈት የሆነውና የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው ነው። ለልጃገረድ ሽማግሌ ይሰለፋል። ሁለት ልጅ ይዛ ለቀረች የ38 ዓመት ሴት ማን ይሄድላታል? ለእሷ የሚሠራ ቢሮ ስሙ ሳይለጠፍ ይታወቃል።

ስም አውጡ

አጭር፣ በስልክ ሲጠራ የማያሳፍር ይሁን። ሥራ ቦታ ተቀምጦ «ሃሎ፣ የፍቅር ጎጆ ነው?» ማለት የሚፈልግ ሰው የለም። የልብና የጽጌረዳ ስሞችን ተዉ፣ ሁሉም ጋ አሉ። ከአካባቢው ቃል ፈልጉ። የመንዝ ባና አለ፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ፣ ብርድ ያስጥላል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ብርድ ምን እንደሆነ ማንም አይነገረውም። ጥማድም ያምራል፣ ሁለት ሆኖ መሥራት ነው። ቀንበርን ግን አልመክርም።

ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የንግድ ስም ስታስመዘግቡ የንግድ ምልክታችሁም የተጠበቀ እንዳይመስላችሁ። ምልክት የሚመዘገበው አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል።

ቦታ ስትከራዩ መግቢያውን እዩ

ደንበኛዬ በመጨረሻ የተከራየው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ። ደረጃው ላይ ዘመድ ቢያገኛችሁ «መታወቂያ ኮፒ ላደርግ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። የመጠበቂያ ክፍል የለውም። ሁለት ደንበኛ እንዳይገናኝ በመካከል ግማሽ ሰዓት ይተዋል። ከሁሉም የማስታወቂያ ወጪው የበለጠ የጠቀመው ይሄ ግማሽ ሰዓት ነው።

የምትጠይቁትን አሳምሩ

ስምና ዕድሜ ጠይቆ ፎቶ መቀበል ማንም ይችላል። አንድ ገጽ መጠይቅ አዘጋጁ፣ ዘር ግን ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ በአፍ አስቆጥሩ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ በእናትም በአባትም፣ ከነትውልድ አገራቸው። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ቤተሰብ አለ። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ «እነዚህ እኮ በአምስት ቤት ይገናኛሉ» ከተባለ ነገሩ ይፈርሳል፣ የእናንተም ስም አብሮ። ጋብቻውን በቁርባን ነው በሰማንያ የሚፈልጉት? ይህንንም ቀድማችሁ ጠይቁ። የጤና ምርመራ ሁለቱ አብረው ሄደው ያድርጉ፣ ውጤቱን አንዱ ለሌላው ያሳይ። እናንተ ጋ አይቀመጥ።

ምስጢሩን በሥራ አሳዩ

ቴሌግራም ላይ «ሴት፣ 31 ዓመት፣ ነርስ፣ መሐል ሜዳ» ብላችሁ ብትለጥፉ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። በማግስቱ ገበያው ያወራዋል። ዕድሜ፣ ሥራና ከተማ ሦስቱ አንድ ላይ አይውጡ። ስሞቹ በአንድ ደብተር፣ ዝርዝሩ በሌላ ደብተር ይሁን፣ የሚያገናኛቸው ቁጥር ብቻ። ሰውዬው በቃኝ ሲል ገጹን ፊቱ ቀድዳችሁ ስጡት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ስላለ ነገሩ ከይሉኝታ አልፏል።

የማትሠሩትን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ

ሦስት መስመር ይበቃል። ዕድሜው 18 ላልሞላ አንሠራም። ራሱ ሳይመጣ በወላጅ ወይም በወንድም ለቀረበ ሰው አንሠራም። ከጥሎሽ ድርሻ አንወስድም። የመጀመሪያውን ሕጉ ራሱ ይከለክላል። ሁለተኛውም ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋር የሚሄድ ነው፣ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃ ፈቃድ ይመሠረታል ይላልና። ሦስተኛው የእናንተ ምርጫ ነው። ይህን ወረቀት አይቶ የሚቆጣ ደንበኛ ይመጣል። ይሂድ።

ክፍያም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ገንዘቡ ሁሉ ሠርጉ ላይ የሚከፈል ከሆነ አገናኙ ሠርግ ሠርግ ይለዋል። የማይሆኑ ሰዎችን ይገፋል። ለምዝገባ ትንሽ፣ ለእያንዳንዱ ትውውቅ የተወሰነ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ስጡ። ደላላ ደረሰኝ አይሰጥም።

የሥራ ወራታችሁን እወቁ

ክርስቲያኑ በጾም አይደግስም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ሠርጉ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ጥር ላይ፣ ከዚያም ከፋሲካ ማግስት ነው። ጥር ላይ ማስታወቂያ ብትለቁ ረፍዷል። መስከረም ላይ አስተዋውቁ፣ ሰዎቹ እስከ ኅዳር ይተያዩ። ዐቢይ ጾምን ለቃለ መጠይቅና ዘር ለማጣራት ተጠቀሙበት።

ሠርግ ላይ

ሌላ ነጋዴ የደንበኛውን ፎቶ ይለጥፋል። እናንተ አትችሉም። ሙሽሮቹ ራሳቸው ካላወሩ በቀር ማንም እንዳያውቅ። ከተጠራችሁ ሂዱ፣ ብሉ፣ ጨፍሩ፣ ካርድ ግን ይዛችሁ አትሂዱ። «ከማን ወገን ናችሁ?» የሚል አይጠፋምና «የቤቱ ወዳጅ ነኝ» በሉ። ሙሽራዋ ለአንድ ጓደኛዋ በጆሮዋ ሹክ ትላለች፣ ያቺ ጓደኛ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትደውላለች።

ያ ደንበኛዬ ባለፈው ካርድ ሊያሳትም መጥቶ ነበር። ፊቱ ላይ የቢሮው ስምና ስልክ ብቻ። ምን እንደሚሠራ አልተጻፈበትም። ከኪስ ቢወድቅ የልብስ ስፌት ካርድ ነው የሚመስለው።

«ከኋላው ምን እንጻፍ?» አልኩት።

«ባዶ ይሁን» አለኝ።