የትኛው ሲዝን ይታይ፣ የትኛው ይቅር? ተከታታይ ፊልም ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሰውን ቤት ሲያስቀምጥ፣ ጎንደር ፒያሳ ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ሲዝን አለው?» «አምስት።» «በቃ ወንድሜ፣ አንዱን ጫንልኝና ካማረኝ ሌላውን እወስዳለሁ።» ደንበኛው አዘዞ ይገባል፣ በሁለት ሌሊት አይቶ ይጨርሳል፣ ታሪኩ ግን ወገቡ ላይ ተቆርጦ ይቀርበታል። መጠየቅ የነበረበት «ታሪኩ የት ላይ ያልቃል?» ብሎ ነበር። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህች ጥያቄ ሳትጠየቅ ስትቀር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲዝንን እንደ ሙሉ ታሪክ መቁጠር

ይሄኛው ስህተት በጣም ስለበዛ ረዘም አድርጎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሲዝን ማለት ጣቢያው ለማሰራጨት እንዲመቸው የቆረጠበት ቦታ ነው። ደራሲው ታሪኩን የቋጨበት ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል።

መኒ ሃይስትን እንውሰድ። በ2017 በስፔኑ አንቴና 3 ጣቢያ ሲተላለፍ እያንዳንዳቸው 70 ደቂቃ ገደማ የሚረዝሙ 15 ኤፒሶዶች ነበሩት፤ ሁሉም የአንድ ዘረፋ ታሪክ ናቸው። ኔትፍሊክስ ሲገዛው እንደገና ቆራርጦ 22 አደረጋቸው፦ 13ቱን «ክፍል 1»፣ 9ኙን «ክፍል 2» አላቸው። ስለዚህ ክፍል 1ን ብቻ የጫነ ሰው ዘራፊዎቹን ገና ብር ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እንዳሉ ጥሏቸው ይሄዳል። ክፍል 3፣ 4 እና 5 ደግሞ (8፣ 8 እና 10 ኤፒሶድ) አንድ ላይ ሁለተኛውን ዘረፋ ይተርካሉ። እዚህ ላይ ትክክለኛው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ 22 ኤፒሶድ አይቶ ማቆም፣ ወይ 48ቱንም መጨረስ። 13 ላይ፣ 30 ላይ ወይም 38 ላይ የሚያቆም ሰው ምንም ያህል ትዕግሥት ቢኖረው ግማሽ ታሪክ ነው ያየው። ጊዜ ለሌለው 22ቱ በቂ ናቸው፤ ጥብቅ ብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ዘረፋ ነው።

የቱርክ ተከታታዮች ላይ ሲደርስ ችግሩ ይብሳል። ኤርቱግሩል በቱርክ በ5 ሲዝን 150 ኤፒሶድ ነው፤ አንዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የኔትፍሊክሱ ቅጂ ግን ያንኑ ታሪክ በ45 ደቂቃ ቆራርጦ 448 አድርጎታል። ሲዝን 1 በቱርኩ 26፣ በኔትፍሊክሱ 76 ነው። የ45 ደቂቃውን ቅጂ እስከ 26 አይቶ «27ን ጫንልኝ» የሚል ሰው የሁለት ሰዓቱ ቅጂ ከተጫነለት በቀጥታ ሲዝን 2 ላይ ያርፋል። ከሲዝን 1 ሁለት ሦስተኛው አመለጠው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሞተው ማን እንደሆነ፣ የከዳው ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል፣ ድራማውንም «የተዘበራረቀ ነው» ብሎ ይተወዋል። በቃና «ጥቁር ፍቅር» ተብሎ የታየው ድራማም በቱርክ በሁለት ሲዝን 54 ኤፒሶድ ነው፤ በቴሌቪዥን ያያችሁት ቁጥር ከዚህ ጋር አይገጥምም።

መላው ቀላል ነው። የኤፒሶዱን ቁጥር ትታችሁ ርዝመቱን እዩ። ሁለት ሰዓት ከሆነ የቱርኩ ነው፤ 45 ደቂቃ ከሆነ የተቆረጠው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ግድ ከሆነ በሦስት አብዙ ወይም አካፍሉ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ኤፒሶድ ወደኋላ ተመልሳችሁ ጀምሩ።

የተከፈለ ሲዝንን ሙሉ ነው ብሎ መውሰድ

ቫይኪንግስ ሲዝን 4 እንደ መጀመሪያዎቹ 9 ወይም 10 ኤፒሶድ አይደለም፤ 20 ነው፣ በሁለት ዙር በአስር በአስር የወጣ። ፎልደሩ ውስጥ 10 ፋይል ካለ ግማሹ ቀርቷል። የብሬኪንግ ባድ ሲዝን 5ም 16 ነው፤ 8ቱ በ2012፣ 8ቱ በ2013 ወጡ። በቫይኪንግስ ጥሩው መቆሚያ የሲዝን 4 ኤፒሶድ 20 ነው። ሲዝን 5 እና 6 (ሌላ 40 ኤፒሶድ) የዋናው ገጸ ባሕርይ የራግናር ልጆች ታሪክ ነው፤ አባትየውን ወድዶ የጀመረ ሰው ያንኑ ጣዕም አያገኝበትም።

ሲዝን 1ን አይቶ መፍረድ

ለጀማሪ ይህ ያሳዝናል፤ ጥሩውን በር ላይ ደርሶ ነው የሚመለሰው። ብሬኪንግ ባድ ሲዝን 1 በ2008 በደራሲያን የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት 7 ኤፒሶድ ላይ ተቆርጧል፤ ታሪኩ ሳይጋጋል የቆመ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሲዝን 2ን ጨምራችሁ ፍረዱ። የአሜሪካው ዘ ኦፊስ ሲዝን 1ም 6 ኤፒሶድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የእንግሊዙን እግር በእግር የተከተለ ነው፣ የራሱን መልክ የያዘው ከሲዝን 2 ጀምሮ ነው። ዘ ዋየር ሲዝን 2 ድንገት ወደ ወደብ ሠራተኞች ሲዞር ብዙ ሰው ሌላ ፊልም የተጫነለት ይመስለዋል። ጫኙ አልተሳሳተም፤ በየሲዝኑ የከተማዋን አንድ ገጽታ የሚያሳይ ሥራ ነው። አምስቱም ይታያሉ፣ አንዱም አይዘለልም።

ከአዲሱ ሲዝን መጀመር

አይሆንም። ትሩ ዲቴክቲቭን የመሰለ በየሲዝኑ አዲስ ታሪክና አዲስ ተዋናይ የሚይዝ ሥራ ሲሆን ብቻ ይፈቀዳል። የእሱም ምርጡ በ2014 የወጣው ሲዝን 1 ነው፣ 8 ኤፒሶድ።

«ከጀመርኩ ልጨርስ» ማለት

ዴክስተር 8 ሲዝን አለው፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ጫፍ ይነካል፣ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። ፕሪዝን ብሬክ ሲዝን 1 (22 ኤፒሶድ) በደንብ የታሰበበት ሥራ ነው፤ የንቅሳቱ ካርታ፣ የቀኖቹ ስሌት፣ ሁሉም ቦታ ቦታው አለ። ሲዝን 2 ሽሽቱ ነው፣ ይታያል። ሲዝን 3 በዚያው የደራሲያን አድማ ምክንያት 13 ላይ የቆመ፣ ወህኒ ቤት ቀይሮ የመጀመሪያውን የሚደግም ነው። ሲዝን 4 ሰዎቹን ለሚወድ ብቻ። በ2017 የመጣው ሲዝን 5 (9 ኤፒሶድ) የሲዝን 4ን ፍጻሜ ስለሚያፈርስ፣ ያ ፍጻሜ ልባችሁን ከነካው አትክፈቱት።

ጌም ኦፍ ትሮንስ ሲዝን 1 እስከ 4 መጽሐፉን ተጠግቶ ይሄዳል። ከዚያ ታሪኩ ከታተሙት መጻሕፍት ያልፋል። ከሲዝን 1 እስከ 6 በየሲዝኑ 10 ኤፒሶድ ነበር፤ ሲዝን 7 ወደ 7፣ ሲዝን 8 ወደ 6 ወረደ። ጥድፊያው እዚያ ላይ ይታያል፤ በፊት አንድ ሰው ከደቡብ ወደ ሰሜን ለመድረስ ብዙ ኤፒሶድ ይፈጅበት ነበር፣ በኋላ በአንዱ ኤፒሶድ ውስጥ ደርሶ ይመለሳል። የሲዝን 6 ኤፒሶድ 9 እና 10 ግን ሳይታዩ መቅረት የለባቸውም። የቀሩትን 13 የሚያይ ሰው ይህን አውቆ ይግባ።

ከሲዝን ውጭ ያሉትን መርሳት

ሼርሎክ በየሲዝኑ 3 ኤፒሶድ ብቻ ነው፤ በሲዝን 3 እና 4 መሀል ግን በ2016 የወጣ አንድ ልዩ ኤፒሶድ አለ። «24» በሲዝን 6 እና 7 መሀል «ሪደምፕሽን» የሚባል ፊልም አለው። እነዚህ ብዙ ጊዜ ለብቻ ፎልደር ስለሚቀመጡ ካልጠየቃችሁ አይጫኑም።

ሳያዩ ከሱቁ መውጣት

62ቱን የብሬኪንግ ባድ ኤፒሶዶች አንዱን በ350 ሜጋ ብታስጭኑ 21 ጂጋ ይሆናል፤ 16 ጂጋ ፍላሽ አይችለውም፣ 32 ያዙ። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ከሆነ ከ4 ጂጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሰብታይትሉ ፋይል የፊልሙን ፋይል ስም ፊደል በፊደል ካልያዘ ብዙ ቴሌቪዥኖች አያወጡትም። የፋይሎቹ ቁጥር 01፣ 02 ተብሎ ካልተጻፈ ቴሌቪዥኑ ከ1 ቀጥሎ 10ን ይከፍትና የሲዝኑን መጨረሻ መጀመሪያ ያሳያችኋል። አሮጌ ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ያለው ሰው በኤች265 የታመቀውን አይውሰድ፤ ድምፁ መጥቶ ምስሉ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፍላሹን ከመንቀላችሁ በፊት ልጁን አንድ ፋይል አስከፍቱት፣ ድምፁንና ሰብታይትሉን እዩ። የሚከፈተው ግን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይሁን፤ የመጨረሻውን ኤፒሶድ ለሙከራ ብላችሁ እንዳታስከፍቱ።