ኡኩሌሌ ልታስመጡ ነው? መጠኑን አትርሱ

እኛ ጎንደር ማሲንቆ አይቶ የሚመርጥላችሁ አዝማሪ አይጠፋም። ኡኩሌሌ (ትንሽ ጊታር የሚመስለው ባለ አራት ክር መሣሪያ) ግን በዘመድ እጅ የምታስመጡ ከሆነ «አንድ ላክልኝ» ብላችሁ አትተዉት። መጠኑን ንገሩት።

እኔ ለጀማሪ ኮንሰርት የሚባለውን መጠን እመርጣለሁ። ርዝመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሶፕራኖ 53 ገደማ ነው፤ ለልጅ አሪፍ ነው። ጣቱ ወፈር ላለ አዋቂ ግን ይጠበዋል። አንዱን ክር ሲጫን ጎረቤቱን ይነካና ድምፁ ይታፈናል። እጃችሁ ትልቅ ከሆነ ወይም ጊታር ከነካካችሁ 66 ገደማ የሆነውን ቴነር ውሰዱ።

የሦስቱም የተለመደ ቅኝት አንድ ነው፤ የአራቱ ክሮች ድምፅ በፈረንጅ ስሙ፦ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ። በአንዱ የለመዳችሁት በሌላው ይሠራል። ከቴነር የሚተልቀው ባሪቶን ግን ብዙውን ጊዜ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ስለሚቃኝ ከአብዛኛው የዩቲዩብ ትምህርት ጋር አይሄድም። ለመጀመሪያ ይቅርባችሁ።

አዲስ የናይለን ክር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቶሎ ይረግባል። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ በስልክ መቃኛ መልሳችሁ ቃኙት። ክር ቢበጠስባችሁ ደግሞ የጊታር ብረት ክር እንዳታስሩበት፤ ውጥረቱ ድልድዩን (ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበትን እንጨት) ሊነቅለው ይችላል።