ጌኒስታ ከታች ሲራቆት፣ እምቡጡ ሲረግፍ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን

ከታች ደረቅ እንጨት፣ ቅጠሉ ጫፉ ላይ ብቻ

ሽታው የሚያውደው ባለቢጫ አበባ ጌኒስታ ላይ በብዛት የሚታየው ችግር ይህ ነው። ተክሉ የሚያብበው ባለፈው ወቅት ባደገው ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ሳይገረዝ ከቆየ አረንጓዴው ክፍል ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከሥር ቡናማ ግንድ ይቀራል። ይኼኔ ባለቤቱ መጋዝ ያነሳና እንደ ጽጌረዳ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አስቀርቶ ይቆርጠዋል። ጽጌረዳ ያቆጠቁጣል፤ ጌኒስታ ግን ካረጀ እንጨት ቡቃያ አያወጣም ማለት ይቻላል። ጉቶው ቅርፊቱ በጥፍር ሲጫር ለጊዜው አረንጓዴ ስለሚሆን ሰው ተስፋ ያደርጋል፣ ውሃና ማዳበሪያ ይደፋበታል። ቅጠል የሌለው ተክል ውሃ አይስብም፤ ሥሩ ረግረግ ውስጥ ይበሰብስና ያበቃለታል።

መግረዝ ያለበት በየዓመቱ፣ አበባው እንደረገፈ ወዲያው ነው። ያበበውን ቅርንጫፍ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ያሳጥሩ፤ ነገር ግን ከቆረጡበት ቦታ በታች ቅጠል ያለው አረንጓዴ ክፍል የግድ ይቅር። አረንጓዴው ካለቀበት በታች መቀስ አይግባ! የአጥር መቁረጫ ማሽንም አይጠቀሙ፤ ለጋውንና ያረጀውን ሳይለይ ያጭዳል። ዘግይቶ የሚገረዝ ደግሞ የመጪውን ወቅት አበባ ነው የሚቆርጠው።

አስቀድሞ የተራቆተ ተክል አይመለስም። ካላበቡና በከፊል ከጠነከሩ ቅርንጫፎች ከ7 እስከ 10 ሴ.ሜ. ይቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል ያራግፉ፣ እኩል በተቀላቀለ አሸዋና ብስባሽ ውስጥ ይትከሉ። ሥር ሲሰድ በቀጥታ ቋሚ ቦታው ላይ ያስቀምጡት፤ ሥሩ መነካካት አይወድም፣ ያደገ ጌኒስታ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል።

እምቡጡ ሳይፈነዳ ይረግፋል

በሸክላ ተተክሎ ቤት የገባ ጌኒስታ ላይ የሚደርስ ነው። ሻጮች በሞቀ መደብር ውስጥ አፈሩን አድርቀው ያቆዩታል፤ ጉዳቱ የሚታየው ገዢው ቤት ከገባ በኋላ ነው። አንዴ ክው ብሎ የደረቀ የፒት አፈር (ከረግረግ ዕፅዋት ብስባሽ የሚገኝ፣ ሸክላ ውስጥ የሚሞላ ቀላል አፈር) ውሃ አይቀበልም፤ ከላይ የፈሰሰው በሸክላው ጠርዝ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ሥሩ መሐል ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ሸክላውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ አረፋው ሲቆም አውጥተው ያንጠፍጥፉ። ከዚያ ብርሃን ያለበት ቀዝቃዛ ክፍል ያስቀምጡት፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃዋል። ከማሞቂያ አጠገብ በፍጹም!

ቅጠሉ ለምልሞ አበባ የለም

ወይ ቀዝቃዛ ሌሊት አላገኘም፣ ወይ ናይትሮጂን በዝቶበታል። የባቄላ ዘመድ ነው፤ ናይትሮጂኑን ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች በኩል ከአየር ያገኛል። ዩሪያ አይጨምሩበት።

ቅጠሉ ቢጫ

ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ከገረጣ አፈሩ ኖራ በዝቶበታል፤ ኬሌት የሆነ ብረት (ኖራ በበዛበት አፈርም ተክሉ ሊስበው የሚችል የብረት ማዳበሪያ) ይስጡት። ሁሉም ቢጫ ሆኖ አፈሩ ከረሰረሰ ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ከሸክላው ሥር ያለውን ሳህን ያንሱ፣ ውሃ ማጠጣቱን ያቁሙ።

ቀይ ሸረሪት (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ በጣም ትንሽ ተባይ) ደረቅ አየር ሲበዛ ይመጣል፤ የቅጠሉን ጀርባ በውሃ አጥበው ያስወግዱት። አባጨጓሬ ካዩ በእጅ ይልቀሙ።

ዘሩም ቅጠሉም መርዛማ ነው፤ ሕፃናትና ከብት አይድረሱበት። የደረቀ ፍሬው ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። የቅርብ ዘመዱ የፈረንሳይ ጌኒስታ በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ ወራሪ አረም ሆኗልና፣ ፍሬውን ሳይደርቅ ይቁረጡ።