የቤት ኮምፒውተር ባክአፕ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከየቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ተዘረፈ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ተብሎ እዚያው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክም አብሮ ሄደ። ስለዚህ አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ መኖር እንዳለበት ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስቸግረው የትኛውን አገልግሎት፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ኔትወርክ የሚለው ነው።

ሳይለኩ መግዛት

"ሃርድ ዲስኬ 1 ቴራባይት ስለሆነ 1 ቴራባይት ልግዛ" ማለት ያለ ጥቅም ዋጋ መጨመር ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስን ይክፈቱና የእያንዳንዱን መጠን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ የሶፍትዌር መጫኛ፣ ከዩቲዩብ የወረደ መንዙማና መዝሙር እንደገና ስለሚገኙ ይተዋቸው። ቤት ውስጥ በስልክ የተቀረጸ መንዙማ ግን ሌላ ቦታ የለም፤ ይያዝ። የሠርግ ፎቶ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስካን የተደረገ የቤት ካርታና የትምህርት ማስረጃም እንደዚሁ። እንዲህ ሲለይ ብዙ ጊዜ ከ100 ጊጋባይት በታች ይወርዳል።

በነፃ የሚሰጠውም ገደብ አለው። ጉግል 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶ የሚጋሩት ነው። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። የጉግሉ ሲሞላ ኢሜይል መቀበልም ይቆማል።

ሲንክን ባክአፕ ነው ብሎ ማመን

ብዙ ፋይል የሚጠፋው በዚህ ነው። ጉግል ድራይቭና ዋንድራይቭ በዋናነት የሚሠሩት ሲንክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነው ክላውዱ (በኢንተርኔት ያለው ማከማቻ) ላይም ይሆናል። ልጅ ሲጫወት ፎልደር ቢያጠፋ እዚያም ይጠፋል፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥ የሚቆየውም 30 ቀን ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ ደግሞ የተቆለፈው ፋይል ወጥቶ የደህናውን ቦታ ይይዛል።

ስለዚህ ከጊጋባይቱ ዋጋ በፊት ሁለት ጥያቄ ያንሡ። የጠፋ ፋይል ስንት ቀን ይቀመጣል? የተቀየረ ፋይል የድሮ ቅጂውስ ስንት ቀን ወደ ኋላ ይገኛል? ለቤት 30 ቀን ያንሳል፤ ሰኔ ላይ የጠፋ የትምህርት ፎልደር የሚፈለገው መስከረም ላይ ነው። እንደ ባክብሌዝ ያሉ ለባክአፕ ብቻ የተሠሩ አገልግሎቶች የአንድ ኮምፒውተርን ፋይል ያለ ጊጋባይት ገደብ በአንድ ዋጋ ይይዛሉ፣ የድሮ ቅጂ እስከ 1 ዓመት እንዲቆይም ማድረግ ይቻላል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው 30 ቀን ላይ ተቀምጦ እንዳይሆን ያረጋግጡ።

ዲ ድራይቭን መርሳት

ፎርማት ሲደረግ ሲ ስለሚጠፋ ፋይልን ዲ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ ጥሩም ልማድ ነው። ዋንድራይቭ ግን በራሱ የሚይዘው እንደ ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስና ፒክቸርስ ያሉትን ፎልደሮች ነው። ሁሉም አረንጓዴ ምልክት እያሳየ ዲ ላይ ካለው አንድም ፋይል ሳይወጣ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት የፈለጉትን ድራይቭና ፎልደር መምረጥ እንደሚፈቅድ ይዩ።

የመጫኛውን ፍጥነት አለማስላት

ኔትወርክ ሲሸጥ የሚነገረው ብዙ ጊዜ የማውረጃው ፍጥነት ነው። ለባክአፕ የሚያስፈልገው የመጫኛው፣ ማለትም ፋይል ከኮምፒውተሩ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት ነው፤ ባለመዳብ ሽቦው የቤት መስመር ላይ ደግሞ እሱ በጣም ያነሰ ነው። የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ከፍተው አፕሎድ የሚለውን ቁጥር ይውሰዱ። ቁጥሩ በሜጋቢት ስለሆነ ወደ ሜጋባይት ለመቀየር ለ8 ያካፍሉት። 1 ሜጋቢት ከሆነ በሰዓት 450 ሜጋባይት፣ በ8 ሰዓት ሌሊት 3.6 ጊጋባይት ይወጣል። 18 ጊጋባይት 5 ሌሊት ይፈጃል፤ 200 ጊጋባይት ግን ወደ 56 ሌሊት ነው። ሳይለኩ የገዛ ሰው የመጀመሪያው ጭነት ሳያልቅ ሁለት ወር ሙሉ ይከፍላል።

ፋይሉን በብሮውዘር አይላኩ፤ መብራት ሲጠፋ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ከቆመበት የሚቀጥለውን የአገልግሎቱን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ይጫኑና ስሊፕ የሚለውን ኔቨር ላይ ያድርጉ። መጀመሪያ ዶኩመንቱ ይውጣ፣ ቀጥሎ ፎቶው፣ ቪዲዮው በመጨረሻ። በሞባይል ዳታ ከሆነ የሚጠቀሙት ዊንዶውስ ላይ ያንን ዋይፋይ ሜተርድ (ዳታው የተገደበ) ያድርጉት፤ አለበለዚያ ጥቅሉ በአንድ ምሽት ያልቃል።

አከፋፈሉን ሳይጨርሱ መጀመር

ዋጋው በዶላር ስለሆነ የብሩ ሒሳብ ከወር ወር ይለዋወጣል። ከመመዝገብዎ በፊት የባንክ ካርድዎ ለውጭ ኦንላይን ክፍያ የሚሠራ መሆኑን ባንኩን ይጠይቁ። በርካታ ቤት የሚከፍለው ሳዑዲ ወይም ዱባይ ባለች እህት ካርድ ነው። ያ ችግር የለውም፤ ስህተቱ አካውንቱንም በእሷ ኢሜይል መክፈት ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለእሷ ነው፣ እሷ ሥራ ላይ ሆና ሳታየው ይቀራል፣ እዚህ ግን አገልግሎቱ ይቆማል። አካውንቱ በራስዎ ኢሜይልና በራስዎ ስልክ ይሁን። የካርዱ ማብቂያ ወርም ኮምፒውተሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በጉግል የቤተሰብ ጥቅል እንካፈል ካላችሁ ደግሞ አባላቱ የሚኖሩት አንድ አገር ውስጥ መሆን አለበት፤ ጅዳ ያለ ከደሴው ጋር አይገጥምም። ወርኃዊ ክፍያ ለሚያስቸግረው እንደ ፒክላውድ ያሉ አገልግሎቶች አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ጥቅል ይሸጣሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ አያታልልዎ። የሚመዘነው የእድሳቱ ዋጋ ነው።

በቴሌግራም የሚሸጥ "ያልተገደበ ድራይቭ"

አይግዙ። አብዛኛው በሌላ ድርጅት ወይም በውጭ ትምህርት ቤት ስም የተከፈተ አካውንት ነው፤ አስተዳዳሪው ፋይልዎን ማየትም፣ ሳይነግርዎ ማጥፋትም ይችላል። ጉግልም ለትምህርት ተቋማት ይሰጠው የነበረውን ያልተገደበ ቦታ አስቀርቷል።

ኢንተርኔቱን ብቻ መተማመን

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ክላውድ ላይ ያለ ፋይል በዚያ ጊዜ ቢኖርም እንደሌለ ነው። ስለዚህ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ጨምሩበት፣ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር አይደር። የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት፣ የኮምቦልቻውም ደሴ ቢያስቀምጥ፣ ለጥየቃ በሄደ ቁጥር አዲሱን ይጨምርበታል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

መልሶ አውርዶ አለማየት

መልሶ ለማውረድ መጀመሪያ አካውንቱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ጉግል ስልክ ቢጠፋ ለመግቢያ የሚያገለግል 10 ኮድ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ 8 አኃዝ ነው። በወረቀት አትመው ከመታወቂያ ጋር ያኑሩት፣ ሲም ካርዱ ከጠፋ ሌላው መግቢያ እሱ ነው። የራስዎን የመቆለፊያ ቁልፍ የሚያስመርጥ አገልግሎት ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ኩባንያውም አያውቀውም፤ ከጠፋ ፋይሉ አይከፈትም።

ከዚያ በወር አንድ ጊዜ አንድ ፎቶና አንድ ዶኩመንት በሌላ ኮምፒውተር ያውርዱና ይክፈቱ። ዶኩመንቱ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ "ሰላም" የነበረው ቦታ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ይመጣል። ፋይሉ ደህና ነው፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ስለዚህ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ካለው ፎንትስ ፎልደር የአማርኛዎቹን ኮፒ አድርገው ከሰነዶቹ ጋር አንድ ላይ ይጫኗቸው።