ከመሃል አዲስ አበባ ወጥቶ አዋሽን መቅዘፍና ዓሣ ማጥመድ

አዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬ ከፒያሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዓለም ገና አልፎ የቡታጅራን መንገድ መያዝ ነው። ቀኑን የሚያበላሸው ግን መንገዱ ሳይሆን ቤት ሳይፈተሽ የተጫነ ዕቃ ነው።

በአየር የሚሞላውን ጀልባ በዋዜማው ነፍታችሁ ግቢ ውስጥ አሳድሩት። በጠዋቱ ብርድ ትንሽ ቢለሰልስ ችግር የለውም። ከሟሸሸ ግን በስፌቱና በአየር ማስገቢያው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ቀዳዳው ነው። ብዙ ሰው ወደ ጎሚስታ ይሮጣል። የጎማ ማስቲሽ ግን ጀልባው በተሠራበት ፕላስቲክ (ፒቪሲ) ላይ ያዝ ያደረገ ይመስልና ውሃ ላይ ይላቀቃል። የፒቪሲ ማጣበቂያ ግዙ፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ከለጠፋችሁ በኋላም 24 ሰዓት ሳትነፉ አቆዩት። ወንዙ ዳር ደግሞ ግጥም አድርጋችሁ አትንፉ፤ ፀሐይ ሲመታው አየሩ ይሰፋና ስፌቱን ይተረትረዋል።

ከጥቅምት አጋማሽ በፊት አትሂዱ። አዋሽ የሚነሳበት የጊንጪ ደጋ ጥዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ክረምት ላይ ወንዙ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ባሕር ዛፍ ማገዶውን ተካ እንጂ አፈሩን እንደ ጥዱ አልያዘም። መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ አስገቡት፤ ግማሽ ክንድ ሳይወርድ ከተሰወረ ቢልጫ የተባለውን ዓሣ ተዉትና የማጥመጃውን ሽታ ተከትሎ የሚመጣውን አምባዛ ሞክሩ።

ለአምባዛ 0.40 ሚሊ ሜትር ናይለን፣ ትልቅ መንጠቆና በክሩ ላይ የሚንሸራተት 30 ግራም እርሳስ ይበቃል። እርሳሱን ከመንጠቆው 40 ሳንቲ ሜትር በላይ በቋጠሮ አግዱት። ጉበት ወይም ትል ሰክታችሁ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ውሃው ጠልቆ ቀስ በሚልበት ጣሉ። ነካ ሲያደርግ አትሳቡ፤ ክሩ መሄድ ሲጀምር ነው። ለቢልጫ ትንሽ መንጠቆና የዱቄት ሊጥ ይሻላል። አምባዛን ስትይዙ ከጎን ክንፎቹ ኋላ ጨብጡ፤ እዚያ ያሉት እሾሆች እጅ ይበሳሉ።

የነፍስ አድን ጃኬት ሳይለብሱ ጀልባ ላይ መውጣት አይታሰብም። ቅዘፉ ወደ ላይ ይሁን፤ ታች ወንዙ ገደል ውስጥ ስለሚገባ ስትደክሙ ውሃው የሚመልሳችሁ ወደ መነሻችሁ መሆን አለበት። ትል ፍለጋም የመልካ ቁንጡሬን የቅድመ ታሪክ ቅርስ መሬት አትቆፍሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ነው። ለሚበላ ዓሣ ደግሞ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ከሚቀላቀልበት በታች አታጥምዱ።