ሪስታርት እስኪደረግ የሚደበቁ ስህተቶች፦ ኤስኢሊኑክስን ስናስተካክል

የኤስኢሊኑክስ ስህተት ክፋቱ በተሠራበት ቀን አለመታየቱ ነው። ፋይሉን ነካ አድርጋችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ። ሰርቨሩ ሥራውን ይቀጥላል፣ እናንተም ወደ ቤታችሁ። ከሦስት ወር በኋላ መብራት ይጠፋል፣ ዩፒኤሱም ይደክማል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ አልነሳም ይላል። ያኔ ማን ምን እንደነካ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በተለመደው የሊኑክስ አሠራር የፋይሉ ባለቤት ለፈለገው ይፈቅዳል፣ ሩት (የሲስተሙ የበላይ ተጠቃሚ) ደግሞ ሁሉን ይችላል። አስገዳጅ የፈቃድ ቁጥጥር የሚባለው ይህን ይገድባል። ፖሊሲው፣ ማለትም የፈቃድ ሕጎቹ ስብስብ፣ ያልፈቀደውን ነገር፣ በሩት ስም የሚሠራ ፕሮግራም እንኳ አያደርገውም። ኤስኢሊኑክስ እንዲህ ዓይነት ቁጥጥር ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ ለቀቀው፤ በ2003 ደግሞ ወደ ዋናው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ገባ። ዛሬ ፌዶራና ሬድ ሃት ላይ ከጅምሩ በርቶ ይመጣል።

ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ነው። ከርነሉ ይነሳል፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው ጊዜያዊ የማስነሻ ሲስተም ዋናውን ዲስክ ያዘጋጃል፣ ከዚያ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ አንድም ሰርቪስ ሳያስነሳ በፊት ፖሊሲውን ይጭናል። እዚህ ጋ የተበላሸን ነገር ከሩቅ በኤስኤስኤች ገብቶ ማስተካከል የለም። ኤስኤስኤች ገና አልተነሳማ! (ትእዛዞቹን አፋችን እንደሚጠራቸው ነው የጻፍኳቸው። ስትተይቡ መቼም በላቲን ነው።)

ሁለቱን መስመሮች ማምታታት

ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው የኤስኢሊኑክስ ኮንፊግ ፋይል ሁለት ቁም ነገር ነው ያለው። አንደኛው መስመር ሁኔታውን ይወስናል፦ ኢንፎርሲንግ (ይከለክላል)፣ ፐርሚሲቭ (ሳይከለክል ይመዘግባል) ወይም ዲሴብልድ (ጠፍቷል)። ሁለተኛው የፖሊሲውን ዓይነት ይናገራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ታርጌትድ ነው። የመስመሮቹ ስም አጀማመራቸው አንድ ነው። ዓይን ይሸወዳል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለፍተሻ ብሎ ፐርሚሲቭ ሊያደርገው አሰበና ቃሉን ዓይነት በሚለው መስመር ላይ ጻፈው። ማንም አላየም። ከሳምንታት በኋላ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። የሌሊት ተረኛው ልጅ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ቆሟል።

«ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«ፍሪዚንግ ይላል ጋሼ። ኤሲውን ልቀንሰው እንዴ?»

ኤሲው ምን በወጣው! ሲስተምዲ «ፖሊሲውን መጫን አልቻልኩም» ብሎ ደርቆ ቆሟል። ፐርሚሲቭ የሚባል ፖሊሲ ፈልጎ አጥቷል። ላይኛው መስመር ደግሞ አሁንም ኢንፎርሲንግ ስለሚል፣ ያለ ፖሊሲ መቀጠል አይችልም። ጥፋቱ የሲስተምዲ አይደለም፤ እንዲያውም የታዘዘውን ነው ያደረገው።

መውጫው ቀላል ነው። ማሽኑ ሲበራ ከርነሉን የሚያስነሳው ግራብ ሜኑው ሲመጣ «ኢ» ትጫናላችሁ። ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኢንፎርሲንግ=0 ብላችሁ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ኮንትሮል ኤክስ። ማሽኑ ይነሳል፣ ፋይሉን ታርማላችሁ። ልጁ በስልክ እየተመራ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሳይደርስ ለመከላከልስ? ፋይሉን በነካችሁ ቁጥር ኤስኢስታተስ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ከኮንፊግ ፋይሉ የተነበበውን ሁኔታ ለብቻው ያሳያችኋል። ፐርሚሲቭ አድርጌዋለሁ ብላችሁ እሱ አሁንም ኢንፎርሲንግ ካላችሁ፣ ሌላ መስመር ነክታችኋል ማለት ነው። ከዚያ እዚያው ቆማችሁ ሪስታርት አድርጉት። እናንተ ባላችሁበት ይውደቅ።

አጥፍቶ በአንዴ ማብራት

አንድ ሶፍትዌር አልሠራ ሲል የመጀመሪያው ምክር «ኤስኢሊኑክስን አጥፋው» ነው። ይጠፋል፣ ይረሳል። ከዓመት በኋላ ኦዲተር ይመጣና «ለምን ጠፋ?» ይላል። ቶሎ ብሎ ኢንፎርሲንግ ማድረግ ይከተላል።

ችግሩ ሌብል ላይ ነው። ኤስኢሊኑክስ እያንዳንዱ ፋይል ላይ ሌብል ይለጥፋል፣ ውሳኔውንም የሚሰጠው ያንን አይቶ ነው። ጠፍቶ በቆየበት ጊዜ የተፈጠሩ ፋይሎች ሌብል የላቸውም። ድንገት ሲበራ እነዚህን ፋይሎች ማን እንዲነካቸው እንደተፈቀደ አያውቅም፣ ስለዚህ ይከለክላል። ከመካከላቸው አንዱ ለቡት (ለማሽኑ መነሳት) የሚያስፈልግ ከሆነ አበቃ።

ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። መጀመሪያ ወደ ፐርሚሲቭ መልሱት። ከዚያ ፊክስፋይልስ በሚለው ትእዛዝ፣ በቀጣዩ ቡት ሁሉም ፋይል እንደገና ሌብል እንዲለጠፍበት እዘዙ። ሪስታርት አድርጉ። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ቆሟል ብላችሁ ፓወሩን እንዳትነቅሉት። ሲጨርስ ሎጉን ለጥቂት ቀን ተመልከቱ። ዝም ካለ ያኔ ኢንፎርሲንግ።

ለዚህ ነው ከላይ በግራብ ስንገባ ኤስኢሊኑክስ=0 ያላልኩት። ኢንፎርሲንግ=0 ሳይከለክል ያሳልፋል፣ ፖሊሲው ከተጫነ ሌብሉንም መለጠፉን ይቀጥላል። ኤስኢሊኑክስ=0 ግን ጨርሶ ያጠፋዋል፣ የሌብሉን ጣጣ ያመጣባችኋል።

በነገራችን ላይ በአዲሶቹ ማሽኖች ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ዲሴብልድ ብሎ መጻፍ እንደ ድሮው አይደለም። ያ መንገድ በ2023 ከወጣው ከርነል 6.4 ላይ ተነስቷል። ሬድ ሃት 9 ላይ እንዲህ ብትጽፉ ፖሊሲ ሳይጫን ይነሳል እንጂ ኤስኢሊኑክስ ከከርነሉ አይወጣም።

የሩትን ፓስዎርድ ቀይሮ ሌብሉን መርሳት

ይሄ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው። ፓስዎርድ ይጠፋችኋል። በግራብ አርዲ ዶት ብሬክ ብላችሁ ቡቱን መሃል ላይ ታስቆማላችሁ፣ ዲስኩን እንዲጻፍበት ትከፍታላችሁ፣ ፓስዎርዱን ትቀይራላችሁ፣ ሪስታርት። ከዚያ አዲሱን ፓስዎርድ ስታስገቡ አይቀበልም። ደግማችሁ ታስገባላችሁ። ካፕስ ሎኩን ታያላችሁ። ጣታችሁን መጠርጠር ትጀምራላችሁ።

ፓስዎርዱ ትክክል ነው። እዚያ መሃል ላይ ስትቆሙ ግን ፖሊሲው ገና አልተጫነም። ፓስዎርድ ሲቀየር፣ ፓስዎርዶቹ የሚቀመጡበት ሻዶ የሚባለው ፋይል በአዲስ ይተካል፣ አዲሱም ያለ ሌብል ይወለዳል። ሎጊን የሚያስገባችሁ ፕሮግራም ደግሞ ሌብል የሌለውን ሻዶ እንዲያነብ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ከዚያ ከመውጣታችሁ በፊት፣ የዋናው ዲስክ መነሻ ፎልደር (/) ላይ ነጥብ ኦቶሪሌብል የሚባል ባዶ ፋይል ፍጠሩ። በቀጣዩ ቡት ሁሉም ይለጠፍበታል። ነጥቧን ከረሳችሁ ምንም ሌብል አይለጠፍም፤ እኔ አንዴ ረስቼ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደግሜዋለሁ።

ሎጉን በተሳሳተ ቦታ መፈለግ

ክልከላዎቹ የሚመዘገቡት ኦዲት ሎግ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ኦዲትዲ ግን እሱም ሰርቪስ ነው፣ ከሌሎች ጋር ነው የሚነሳው። ከእሱ በፊት የተከለከለው ነገር የሚገኘው በከርነሉ መልእክቶች ውስጥ ነው። ዲሜሴጅ ወይም ጆርናል ሲቲኤል በሚሉት ትእዛዞች እዩ። «ሎጉ ንጹሕ ነው፣ ኤስኢሊኑክስ አይደለም» ከማለታችሁ በፊት።

ከሎጉ ፈቃድ ማምረት

ኦዲት ቱ አላው የሚባለው መሣሪያ ክልከላዎቹን አንብቦ የሚፈቅድ ሕግ ይጽፍላችኋል። ግሩም መሣሪያ ነው፤ ሳያነቡ የሚጠቀሙበት ሰዎች ግን ቁልፍ ጠፋ ብለው ግድግዳ ያፈርሳሉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የሰርቪስ ፋይል ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ጻፋችሁና በሙቭ ትእዛዝ ወደ ሲስተምዲ ፎልደር ወሰዳችሁት። ሙቭ የቀድሞውን ሌብል ይዞ ይሄዳል። ፋይሉ አዲስ ቤት ገብቷል፣ መታወቂያው ግን አሁንም «የተጠቃሚ ሆም» ይላል። ሲስተምዲ ሊያነበው ሲል ይከለከላል። መሣሪያው ምን ይመክራችኋል? ሲስተምዲ የተጠቃሚዎችን ሆም ፋይል ሁሉ እንዲያነብ ፍቀድለት! የሚያስፈልገው ግን አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፦ ሪስቶርኮን። ፋይሉ ያለበትን ቦታ አይቶ ተገቢውን ሌብል ይለጥፋል።

ቻኮን የሚባለው ትእዛዝም እንዲሁ ያታልላል። ሌብሉን በእጅ ይቀይርላችኋል፣ ነገሩም ይሠራል። ቀን ቆጥሮ ሙሉ ሌብል መለጠፍ ሲደረግ ግን ይጠፋል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ሴማኔጅ በሚለው ትእዛዝ አስመዝግባችሁ ከዚያ ሪስቶርኮን ስጡ። አንድ ሰርቪስ ብቻ ካስቸገረም በዚያው በሴማኔጅ እሱን ለብቻው ፐርሚሲቭ ማድረግ ይቻላል። አንድ አጥፊ ስላለ ሰፈሩን በሙሉ መልቀቅ ምን አመጣው?

የኤልኤስኤም ዝርዝሩን ማሳጠር

ኤልኤስኤም የሊኑክስ የደህንነት ሞጁሎች መጠሪያ ነው፤ ኤስኢሊኑክስ አንዱ ነው። ከከርነል 5.1 ጀምሮ የትኞቹ ሞጁሎች እንደሚነሱ፣ በግራብ መስመሩ ላይ በኤልኤስኤም= መወሰን ይቻላል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ኤስኢሊኑክስ ብቻ ይጽፋል፣ የሚጨመርለት መስሎት። አይጨምርም፤ ዝርዝሩን በሙሉ ይተካል። ያማና ላንድሎክ የሚባሉት ሌሎች ሞጁሎች ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀራሉ። ሲስ በሚባለው ፎልደር ሥር ያለው የከርነል ሴኩሪቲ ፎልደር ውስጥ ኤልኤስኤም የሚባል ፋይል አለ። ከለውጡ በፊትና በኋላ ከፍታችሁ አስተያዩት።

ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ከሆናችሁ በኤስኢሊኑክስ ፋንታ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው አፕአርመር ነው የሚጠብቃችሁ። የሌብሉ ጣጣ የለበትም። የሰዓቱ ነገር ግን እዚያም አለ። ፕሮፋይሉ (የፕሮግራሙ የፈቃድ ሕግ) ከመጫኑ በፊት የተነሳ ፕሮግራም ተመልሶ እስኪነሳ ድረስ ያለ ቁጥጥር ይሠራል። ኤኤ ስታተስ የሚለውን ትእዛዝ ብትሰጡ፣ ፕሮፋይል እያላቸው በነጻነት የሚሠሩትን ይቆጥርላችኋል። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ከሥሩ ስማቸው ተዘርዝሯል፤ አንድ በአንድ ሪስታርት አድርጓቸው።