ባዶ መንኮራኩር ላይ ብቻውን ስለቀረ ኤአይ እንዴት ይጻፋል?

አብዛኛው ሰው ይህን ታሪክ የሚጀምረው «ብቸኛ ነኝ» በሚል ኮምፒውተር ነው። ይቅርባችሁ። የሚያለቅስ ማሽን እኔን በግሌ አይመቸኝም። ኤአዩን በሥራ ወጥሩት፤ በሆዱ ያለውን ስሜት አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

መጀመሪያ መንኮራኩሩ ውስጥ ሰው ከሌለ ምን እንደሚበላሽ ወስኑ። ለዚህ ሳልዩት 7 የምትባለውን የሶቪየት የጠፈር ጣቢያ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያ ላይ ማንም ሳይኖርባት ድምጿ ጠፋ። በጁን ወር ጠፈርተኞቹ ቭላድሚር ጃኒቤኮቭና ቪክቶር ሳቪኒክ ሄደው ሲገቡ መብራት የለ፣ ሙቀት የለ፣ ግድግዳው በረዶ ለብሷል፤ ኮፍያ አድርገው ነው የሠሩት። ጥፋተኛው አንድ ሴንሰር (የባትሪውን ሙላት የሚለካ መሣሪያ) ነበር። ባትሪው ሳይሞላ «ሞልቷል» እያለ ከሶላሩ ያቋርጠው ነበር። በቃ፣ ይኼው ነው! ፍንዳታ የለ፣ የሚወረወር ዓለት የለ። የእናንተም ኤአይ የሚዋሽ ሴንሰር ሲያሳድድ ይዋል።

ቀጥሎ ማራገቢያ። ክብደት በማይሰማበት ቦታ ትኩስ አየር ወደ ላይ አይወጣም፣ «ላይ» የሚባል ነገር የለማ። ማራገቢያው ከቆመ ሙቀቱ ዕቃው ዙሪያ እንደተከማቸ ይቀራል። ስለዚህ የሚተነፍስ ሰው ባይኖርም አየሩ መንቀሳቀስ አለበት፣ የሚንሳፈፈው ሁሉ ደግሞ አየሩን ተከትሎ ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይም የጠፋ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ይህቺን አትለፏት። ለምሳሌ እንዲህ ብላችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፦

«ቀን 11,402። ማጣሪያ 3 ጸድቷል። የተገኘ፦ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሰማያዊ፣ ክሩ ያልወጣለት። የማስወገጃ ትእዛዝ፦ ለነገ ተላልፏል።»

ቀን 11,403 ላይም «ለነገ ተላልፏል» በሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ቁልፉ አታንሱ።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ እንምጣ። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ሜሞሪ ውስጥ ያለን 0 ወደ 1 ሊገለብጥ ይችላል፤ አንዱ መፍትሔ ሦስት ኮምፒውተሮች አንድ ስሌት ሠርተው የተስማሙትን የሁለቱን መልስ መቀበል ነው። ሦስተኛው ሲሞት ሁለቱ ባይስማሙ ማን ይዳኛል? ይህ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጠቀችው የናሳ ሰው አልባ መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በ2023 መጨረሻ ትርጉም የሌለው ዳታ መላክ ጀመረች። አንዲት የሜሞሪ ቺፕ ተበላሽታ ነው። መሐንዲሶቹ እዚያ የነበረውን ኮድ ቆራርጠው በየቦታው ሸጎጡት፤ ትእዛዙ ለመድረስ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፣ መልሱም እንደዚያው። በኤፕሪል 2024 የሚነበብ ዳታ መላክ ቻለች። የእናንተ ኤአይ ግን መሐንዲስ የለውም። ራሱን ራሱ ነው የሚጠግነው። ቦታ ለማግኘት የሆነ ነገር ማጥፋት አለበት፦ የኮከብ ካርታውን ወይስ የሄዱትን ሰዎች ድምፅ?

ኃይሉንም አስሉት። ለሩቅ መንኮራኩሮች ኃይል የሚሰጠው ፕሉቶኒየም 238 በ87.7 ዓመት ግማሹ ያልቃል፣ ስለዚህ መብራት በአንዴ ድርግም አይልም፣ ቀስ እያለ ነው የሚሟሽሸው። የሚጠፉትን ዕቃዎች በተራ ጻፉና አንድ የማይረባ ነገር ሳይጠፋ ይቅር፣ የአንድ መኝታ ክፍል ማሞቂያ በሉት። ምክንያቱን እናንተ እወቁት፣ ኤአዩ ግን ትንፍሽ እንዳይል።

ስትጨርሱ «ብቸኝነት» የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ ከየቦታው ሰርዙ። ያኔ ታሪኩ ከፈረሰ ወደ ማጣሪያው ተመለሱ።